መርከቡንና ባሕሩን ነጣጥሎ ማስላት የሚያስከትለው ጉድለት

በባሕር ላይ የራዳር ሞገድ ብተናን በሚመለከቱ ጥናቶች ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። መርከቡ ለብቻው፣ ባሕሩም ለብቻው ይሰላል፤ ከዚያም ሁለቱ ውጤቶች ይደመራሉ። አሠራሩ ስሌቱን ያቀላል፤ ነገር ግን ከመርከቡ ጎን ወደ ውኃው፣ ከውኃውም ወደ መርከቡ ነጥሮ ወደ አንቴናው የሚመለሰውን ሞገድ ከሒሳቡ ያወጣዋል።

ይህ የተዘለለ ክፍል ኢምንት አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመው የመርከብ ጎን ከውኃው ገጽ ጋር ማዕዘን ይፈጥራል፤ ማዕዘኑም ሞገዱን ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሰዋል። ባሕሩ ሲናወጥ ይህ ምላሽ ይዳከማል፣ ይዋዥቃልም። ስለዚህ ለረጋ ባሕር የተሰላ ውጤት ለሻካራው አያገለግልም።

ባሕሩን እንደ ተራ ጫጫታ መቁጠርም ያሳስታል። የሞገድ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ራዳር ባሕሩን በዝቅተኛ ማዕዘን ሲመለከት፣ ሞገዱን ከሚመልሱለት ዋነኞቹ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው ጥቃቅን የውኃ ሽብሽቦች ናቸው። የሚሰበር ማዕበል ደግሞ ለቅጽበት ከፍ ያለ ምላሽ ስለሚሰጥ ትንሽ ጀልባ ሊመስል ይችላል። በጋውሲያን ግምት የተወሰነ የመለያ ወለል በእንዲህ ያለ ባሕር ላይ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ያበዛል፤ ወለሉ ከፍ ቢደረግ ደግሞ ጀልባዋ ትሰወራለች።

ትልቅ የጭነት መርከብ በደካማ ሞዴልም ይለያል። ጉድለቱ የሚከፋው ከጅቡቲ ወደ የመን ስደተኞችን ጭነው እንደሚሻገሩት ባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አደጋ ሲደርስም ፈጥኖ መታየት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሙሉ ስሌት ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነን የባሕር ገጽ በሞገድ ርዝመቱ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም በ3 ሚሊ ሜትር፣ መከፋፈል ከ1 ቢሊዮን በላይ ነጥቦችን ይጠይቃል። ስለሆነም በአቀራራቢ ዘዴ መጠቀም አያስነቅፍም፤ የሚያስነቅፈው የዘዴውን ወሰን ሳይገልጹ ውጤቱን ለማንኛውም ባሕር እንደሚሠራ አድርጎ ማቅረብ ነው። እያንዳንዱ ጥናት የማዕበሉን ከፍታ፣ የእይታውን ማዕዘንና የሞገዱን ፖላራይዜሽን ሊያሳውቅ፣ በተለካ መረጃም ሊፈተን ይገባዋል። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 በአይፒክስ ራዳር የሰበሰበውና ተንሳፋፊ ትንሽ ዒላማን ያካተተው መረጃ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው።