ፍየል የማትነካት አበባ

ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ምን እንደሚበቅል የምትወስነው ፍየል ናት። ዓባያችን ካርቱም ገብቶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በስተቀኙ ትቶት የሚያልፈው ይህ ሰፊ ሰፈር፣ ከሱቅ ሲታ ገበያ አንሥቶ እስከ ዳር ዳሩ የጭቃ ቤቶች ድረስ ፍየል እንዳሻት የምትዞርበት ነው። ካርቶን ትበላለች፣ የሲሚንቶ ከረጢት ትበላለች፤ ችግኝ ካገኘችማ ምን ይጠየቃል። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት የተተረተው እዚያ ይመስለኛል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሰማዩን ሲከድነው፣ በመንገዱ ዳር አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ወይ እንደ ኒም ከፍየል አፍ በላይ የረዘመ ነው፣ ወይ የበላውን የሚገድል።

ከሚገድሉት መካከል መልከ መልካሟ ዲፍላ ናት፤ ሌላው ዓለም ኦሊያንደር የሚላት። በዚያ ሰፈር ስኖር በተከራየሁበት ሖሽ (በአጥር የተከበበ ግቢ) በር ላይ አንዲት ነበረች፤ ሮዝ፣ ድርብ አበባ ያላት፣ ገና ከመንገድ የምትሸት። ዲፍላ ሁሉ አይሸትም፤ ጥሩ መዓዛ ያላቸው በብዛት እነዚህ ድርብ ሮዞቹ ናቸው። አከራያችንን «ሐጃ፣ ይኼ እኮ መርዝ ነው» ስላቸው «ወላሂ ዐውቃለሁ! ፍየሎቹም ያውቃሉ» አሉኝና ሻያቸውን ቀጠሉ።

እኔም ከሐጃ ወገን ነኝ። መርዝነቷን ማንም አይክድም። ከሥሯ እስከ አበባዋ ኦሊያንድሪን የተባለ ንጥረ ነገር አለባት፤ የልብ ጡንቻ ጨዋማ ንጥረ ነገሮችን በልክ የሚያስገባበትንና የሚያስወጣበትን አሠራር ይዘጋና መጀመሪያ ያስታውካል፣ ቀጥሎ የልብ ምትን ያዘገያል፣ ያዛባል። መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። ማርከሻው ለዲጎክሲን መመረዝ የሚሰጠው ውድ መድኃኒት ነው፤ ሰላም በነበረበት ዘመን እንኳ በየሰፈሩ ክሊኒክ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ነገር ግን እርጥብ ቅጠሏ እጅግ መራራ ነው። የቀመሰ ይተፋል፤ ፍየሏም የምታልፋት ለዚህ ነው። አደጋው የሚመጣው ስትቆረጥ ነው። የጠወለገና የደረቀ ቅጠል ምሬቱ ይቀንሳል፤ መርዙ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ አጥሩን አሳምሮ ከርክሞ ቁራጩን ደጅ የሚጥል ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ማንንም ያልጎዳችውን ተክል በአንድ ቀን የጎረቤት ፍየል ገዳይ ያደርጋታል። «ትነቀል» ለሚሉ ሰዎች የምለው ይህን ነው፦ መትከሉን ተዉትና አቆራረጡን አስተምሩ።

አተካከሉማ ቀላል ነው። ቅርንጫፍ ቆርጦ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ ሥር ታወጣለች። ያ ውኃ ግን ራሱ መርዝ ይሆናልና ከዚሩ፣ ከመጠጥ ውኃው ጋን፣ አጠገብ ማስቀመጥ እብደት ነው። ከጸደቀች በኋላ ጥቂት ውኃ ይበቃታል። የምታብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አበባዋ ሲያልቅ መከርከም ያጠነክራታል፤ በጓንት ነው ታዲያ። ንብ እንኳ ታታልላለች፤ በቀለሟና በመዓዛዋ ጠርታ ወለላ የላትም። ጽናቷም የታወቀ ነው፤ ሂሮሺማ በ1945 እ.ኤ.አ. በአቶሚክ ቦምብ ከነደደች በኋላ ቀድማ አበበች ተብላ የከተማዋ ምልክት ተደርጋለች። እንዲህ ያለች ተክል ሐጅ ዩሱፍን ብትመርጥ አይገርምም።

ለእኛስ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? በአገራችን ቁጥቋጦ መካከል ነጭ አበባው ከሩቅ የሚሸት መረንዝ አለ። የአጋም ዘመድ ነው፣ ከዲፍላም ቤተሰብ ነው። አጋም እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም፤ ይህን ለይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ብርቅ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት ከእንጨቱ በሚቀዳው ኡዋባይን በተባለ መርዝ ነው። ባለጎፈሯ አይጥ ደግሞ ልጡን አኝካ የጎኗን ፀጉር እንደምትቀባና የነከሳት ውሻ እንደሚታመም፣ እንደሚሞትም በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህን ሁሉ እያወቀ መረንዝን ከምድር ላጥፋ ብሎ የተነሣ ገበሬ አላየሁም።

ነገሩን አሁን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ ሖሾቹ ባዶ ቀሩ። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የሱዳን ሠራዊት ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሰው እየተመለሰ ነው፤ ከተመላሾቹ ጋር ሻይ ሲሸጡ የኖሩ እኅቶቻችንም አይጠፉም። የምግብ ማብሰያ ጋዝ በጠፋበት ከተማ ያገኙትን እንጨት ማንደድ ተለምዷል። ባለቤት ሳይከረክማት የቆየች ዲፍላ ደግሞ በቁመቷም በግንዷም የማገዶ ዛፍ መስላ ትታያለች። እኅቴ፣ እሷን አታንድጂ። ጭሷ ራሱ ይመርዛል፤ እንጨቷ ለማማሰያም ለጥብስ መሰኪያም አይሆንም። መቁረጥ ግድ ከሆነም ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሪው፤ ጉድጓዱም ቁራጩ ሳይጠወልግ በፊት የተቆፈረ ይሁን፣ ፍየሎቹ ሰፈሩ ውስጥ ናቸውና።