ለኮራል ገንዳ የሚሆን መብራት ስለ መምረጥ

በባሕር ማዶ አገሮች፥ ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮጳ፥ ብዙ ቤተ ሰብ በእንግዳ መቀበያ ክፍሉ ውስጥ የጨው ውሃ የተሞላ የመስተዋት ገንዳ አኑሮ ዓሣና ኮራል ያሳድጋል። ኮራል በጌጥነቱ መርጃን እየተባለ የሚታወቀው የባሕር ፍጥረት ወገን ሲሆን፥ በቀይ ባሕርም በምጽዋና በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ በብዛት ይገኛል። እንዲህ ያለውን ገንዳ ለማቆም የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የመብራቱ ዋጋ ነው። መጨነቁም ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ መብራቱ ከመስተዋቱ ይልቅ ይወደዳልና። ዳሩ ግን ውድ መብራት ገዝቶ ኮራሉን በጥቂት ሳምንት ያጠፋ ሰው እንዳለ ሁሉ፥ በርካሽ መብራት ለብዙ ዓመት ያሳደገም አለ። ልዩነቱ ከዋጋው ሳይሆን ከአመራረጡና ከአጠቃቀሙ የመጣ ነው።

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ግን ዞኦዛንተሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የአልጌ ወገኖች በእንግድነት ይኖራሉ፤ እነርሱም እንደ ቅጠል ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ለባለቤታቸው ያካፍሉታል። እንግዲህ መብራት ለዓሣ ጌጥ ቢሆን ለኮራል ግን እንጀራው ነው። ብርሃኑ ያነሰበት ኮራል ቀስ በቀስ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ብርሃን ፍለጋም ሥጋውን ወደ ላይ ይዘረጋል። ብርሃኑ በድንገት የበዛበት ኮራል ደግሞ እንግዶቹን ከሥጋው አስወጥቶ እንደ አጥንት ይነጣል፤ ቶሎም ካልተረዳ በረኃብ ይሞታል። ከሁለቱም የሚብሰው ይህ ሁለተኛው ነው። ማነሱን ባለቤቱ ቀስ ብሎ አይቶ ሊያርመው ይችላል፤ መብዛቱ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ስለ ቀለሙም ማወቅ ያስፈልጋል። የባሕር ውሃ ቀዩን ብርሃን ገና ከላይ ይውጠዋል፤ ወደ ጥልቁ ርቆ የሚወርደው ሰማያዊው ነው። ስለዚህ በኮራል ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ለሰማያዊው የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ይኸውም ከ400 እስከ 480 ናኖሜትር ባለው የብርሃን ክፍል ነው። የሰው ዓይን ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው በ555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴውን ነው። እንግዲህ ለዓይናችን እጅግ ያበራ መስሎ የሚታየን መብራት ለኮራሉ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ደብዛዛ ሰማያዊ መስሎ የሚታየንም ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ነገር የገዛ ዓይናችንን ምስክር አድርገን ብናቆም ፍርዳችን ይጣመማል።

ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ለብዙ ዘመን አልተገኘም ነበር። ኒክ ሆሎንያክ በአሜሪካ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን በ1962 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሠራ በኋላ፥ ብሩህ የሆነው ሰማያዊው የተገኘው በ1990ዎቹ ነው። ያስገኙትም አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ የሚባሉ ሦስት የጃፓን ተወላጆች በ2014 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚያ በፊት ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ይጠቀሙ የነበረው ሜታል ሃላይድ በሚባለው ኃይለኛ አምፑል ወይም በፍሎረሰንት ዘንግ ነበር። ሃላይዱ ብርሃኑ መልካም ቢሆንም ውሃውን ያሞቃል፤ አምፑሉም በየዓመቱ ገደማ መለወጥ አለበት። ሒሳቡን እንመልከት፤ 150 ዋት አምፑል በቀን 10 ሰዓት ቢበራ በዓመት 547 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ በስፍራው 50 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢተካ 182 ብቻ ይሆናል። ኤል ኢ ዲው 50,000 ሰዓት ይቆያል ከተባለም፥ በቀን 10 ሰዓት ሲታሰብ ከ13 ዓመት በላይ መሆኑ ነው፤ ነገር ግን ከመብራቱ አስቀድሞ ማራገቢያው ወይም ኃይል ማስተላለፊያው ሊበላሽ ስለሚችል ይህን ቁጥር እንደ ዋስትና መቍጠር አይገባም።

አሁን ወደ ርካሾቹ እንመለስ። በቻይና የሚሠሩ፥ ሣጥን የሚመስሉ ጥቋቁር መብራቶች ስማቸው ከታወቁት ቤቶች ሥራ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ 165 ዋት እየተባሉ ይጠራሉ፤ ይህም ስም የወጣው በውስጣቸው ያሉት 55 ትንንሽ መብራቶች እያንዳንዳቸው 3 ዋት ናቸው በሚል ስሌት ነው። በእውነት ከሶኬቱ የሚስቡት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት ገና ያልተመሰከረለት ቃል ነው፤ ቢመሰከርለትም እንኳ ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን እንጂ ኮራሉ የሚቀበለውን አይደለም።

ኮራሉ የሚቀበለው የሚለካው ፓር በሚባል ልክ ነው፤ ይህም ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን፥ ለቅጠልና ለአልጌ የሚጠቅመውን ብርሃን የሚቈጥር ነው። የእንጉዳይ መልክ ያላቸውና ሌሎችም ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 100 ባለው ይረካሉ፤ እንደ ዩፊሊያ ያሉት ትልልቅ አፍ ያላቸው ደንጋያማ ኮራሎች ከ100 እስከ 150 ይበቃቸዋል፤ አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ግን ከ250 በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ገዢው መብራቱን ከመምረጡ አስቀድሞ የትኛውን ኮራል እንደሚያሳድግ ይቍረጥ። አብዛኛው ሰው ግን በተቃራኒው ያደርጋል፤ መብራቱን አስቀድሞ ይገዛና ኮራሉን እንደ አጋጣሚ ይሰበስባል።

ለምሳሌ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፥ 30 ወርድና 40 ከፍታ ያለውን ገንዳ እንውሰድ፤ ይህ 72 ሊትር ይይዛል። ባለቤቱ ለስላሳ ኮራልና አንድ ሁለት ዩፊሊያ ብቻ የሚያሳድግ ከሆነ፥ ያ ርካሽ ጥቁር ሣጥን በሙሉ ኃይሉ ቢበራ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው የሰማያዊውንና የነጩን ኃይል ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መዘውር ያለው ነው፤ መዘውር የሌለውን በማናቸውም ዋጋ መግዛት አይገባም ባይ ነኝ። ደግሞ በእያንዳንዱ ትንሽ መብራት ላይ የተገጠመው መነጽር ብርሃኑን በአንድ ስፍራ ስለሚሰበስበው፥ ከመካከል ያለው ኮራል ሲቃጠል ከዳር ያለው ይራባል። አጭር ለሆነ ገንዳ መነጽሩ ሰፊ የሆነውን መምረጥ፥ መብራቱንም ከውሃው በላይ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር አርቆ መስቀል ይህን ያቃልላል። አክሮፖራ ለማሳደግ የቈረጠ ሰው ግን፥ ብርሃኑ በእኩልነት የሚዳረስበትን፥ የተለካ ቁጥሩም የታወቀለትን ውድ መብራት ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።

የፓር መለኪያው ራሱ ከርካሹ መብራት ይልቅ ይወደዳል። ነገር ግን በአሜሪካ የኮራል አሳዳጆች ማኅበራት ለአባሎቻቸው ያውሱታል፤ አንዳንድ ሱቆችም ያከራዩታል። ለአንድ ቀን ተውሶ በገንዳው ሥር፥ በመካከልና በዳር ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ ለዓመታት ይበቃል።

መብራቱ አዲስ ሲሆን፥ ወይም አሮጌው በአዲስ ሲለወጥ፥ ከሙሉ ኃይሉ በ20 ወይም በ30 ከመቶ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ነው፤ በቀንም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። ኮራሉ መንጣት ከጀመረ ወዲያው ይቀነስ፤ ኮራሉም ወደ ገንዳው ሥር ይውረድ። ሙቀትም እንደ ብርሃን ሊያነጣው ስለሚችል፥ ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆኑን አብሮ መመልከት ይገባል።

በሱቅም አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ ወይም ብርቱካን አድርገው የሚመልሱ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ በሰማያዊ ብርሃን ብቻ ያሳያል። ገዢው ነጩ መብራት እንዲበራለት ይጠይቅ፤ ያን ጊዜ የነጣውንና ጤነኛውን መለየት ይቀላል። ደግሞም ከባሕር ከተነቀለው ይልቅ በሰው ገንዳ ውስጥ ያደገውን ቍራጭ መምረጥ ይሻላል፤ ለሰው ሠራሽ መብራት የለመደ ነውና። ደንጋያማ ኮራሎችን ከአገር ወደ አገር ማሳለፍ በ1973 በዋሽንግተን በተፈረመው ሳይተስ በተባለው ውል ቍጥጥር ሥር ስለ ሆነ፥ በጕዞ ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ያውጣ።

በመጨረሻ፥ ከርካሽ መብራት የተረፈው ገንዘብ አስቀድሞ መዋል ያለበት ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲፈስ በቅጽበት በሚያቋርጠው ሶኬት ላይ ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን መተው አይቻልም። መብራቱ በሰንሰለት ወይም በጽኑ ክንድ ይሰቀል፤ በገንዳው ጠርዝ ላይ እንዲሁ አይጋደም። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ በታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው የጨው ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከዚያ ላይ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል።