ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ መሣሪያው ይታይ

ዛሬ ስለ ጂምናስቲክ ላውራችሁ።

በፈረንጆቹ 2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ፣ በሴቶች የግል አጠቃላይ ፍጻሜ ላይ ቮልቱ (ሮጠው መጥተው በእጃቸው ተደግፈው የሚዘሉት መሣሪያ) 125 ሴንቲ ሜትር መሆን ሲገባው በ120 ተተከለ። በርካታ ልጆች ተሰናከሉ። ለወርቅ የተጠበቀችው ሩሲያዊቷ ስቬትላና ኮርኪና ወደቀች፤ በዚያው ተረብሻ ቀጥሎ ከባሩም ወደቀች። ስህተቱን ያስተዋለችው ራሷ ተወዳዳሪ የነበረችው አውስትራሊያዊቷ አላና ስሌተር ናት። "ቮልቱን ድገሙ" ተባለ፤ የባሩ ውጤት ግን አልተሰረዘም።

5 ሴንቲ ሜትር ምን አላት እንዳትሉ። እጅ የት እንደሚያርፍ ሰውነት የሚያውቀው በዓመታት ልምምድ ነው። በፍጥነት እየበረሩ ማስተካከል አይቻልም፤ አንገት ሊሰበር ይችላል።

በዚያው ውድድር ያሸነፈችው የ16 ዓመቷ ሮማኒያዊት አንድሬያ ራዱካን ደግሞ ወርቋን ተነጠቀች። ለምን? የቡድኑ ሐኪም በሰጣት የጉንፋን ክኒን ውስጥ ያኔ የተከለከለ ሱዶኤፌድሪን ስለነበረ። እንደ ሐኪም ይሄኛው በጣም ያመኛል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሁለቱንም ጊዜ ያጠፋው አዋቂ፣ ዋጋ የከፈሉት ልጆቹ ናቸው።

ስለዚህ ወላጆችና አሰልጣኞች፦
👉 ልጁ "ዛሬ የሆነ ነገር ልክ አይደለም" ካለ "ፈሪ" አትበሉት፤ መሣሪያውንና ፍራሹን ፈትሹ።
👉 ወድቆ አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አታንሱት፣ አታገላብጡት፤ አምቡላንስ ጥሩ።
👉 መድኃኒት ስትገዙ ስፖርተኛ መሆኑን ለፋርማሲስቱ ንገሩ።

ልጆቹን ከመውቀሳችን በፊት እኛ የተከልነውን እንለካ። ጤና ይስጥልን!