የጋራ ስልክ ዕዳ እንዴት ይከፈል?

በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ዙሪያ ለሦስትም ለአምስትም ሆነው ቤት የሚከራዩ ተማሮች ኪራዩንና መብራቱን እኩል መካፈልን ለምደውታል። ይህም ደግ ነው። ነገር ግን በአንደኛው ስም የገባ የቤት ስልክ ያለ እንደ ሆነ፥ ያንኑ ልማድ ለስልኩ ሒሳብ ማዋል ፍርድ ያጓድላል እንላለን። ወላጆቹ ጉለሌ የሚኖሩ ልጅ ቅዳሜ በእግሩ ሄዶ ይጠይቃቸዋል፤ የጎሬው ወይም የሰቆጣው ልጅ ግን ያለ ስልክ የእናቱን ድምፅ አይሰማም። ወደ ውጭ አገር የሚደውልም አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቁና መስፈር አይቻልም።

ቀድሞ መፍትሔ ነው ይባል የነበረው ቁልፍ ነው። የቤቱ ጌታ በሚሽከረከረው መደወያ ቀዳዳ ላይ ትንሽ ቁልፍ ያንጠለጥላል፤ ልጆቹም መነጋገሪያው የሚያርፍበትን ማንሻ በየቁጥሩ ልክ እየመቱ ይደውላሉ። (ሰባትን ለመደወል ሰባት ጊዜ መምታት ነው፤ ይህን የማያውቅ የዚያ ዘመን ልጅ ያለ አይመስለንም።) ቁልፉ ያተረፈው መጠራጠርን ብቻ ነው።

እኛ የምንደግፈው ደብተርን ነው። ወርኃዊው የአገልግሎት ክፍያ፥ ስልኩ ለሁሉም ስለሚጮኽ፥ እኩል ይከፈል፤ ጥሪው ግን በደዋዩ ይሁን። ብዙዎች የሚስቱት በታክሱ ላይ ነው። የጥሪው ሒሳብ 600 ብር ቢሆን፥ ከዚህም አንዱ የ400፥ ሁለተኛው የ200 ብር ደውለው ሦስተኛው ከቶ ባይደውል፥ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ብቻ በ15 በመቶ 90 ብር ይሆናል። ይህን ለሦስት ቢያካፍሉት ያልደወለው 30 ብር ተቀጣ ማለት ነው። የሚገባውስ አንደኛው 60፥ ሁለተኛው 30 ከፍለው ሦስተኛው ምንም እንዳይከፍል ነው።

በ1998 ዓ.ም. በወጣው የቁጥር አመዳደብ፥ በዝርዝሩ ላይ 058 ያየ ሰው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር፥ 025 ያየም ድሬዳዋ ወይም ሐረር ብሎ ደዋዩን ይገምታል። የእጅ ስልክ ቁጥር ግን በ09 ወይም በ07 ስለሚጀምር አገሩን አይናገርም። ስለዚህ ባለቤት ያጣ ጥሪ አይታጣም። አንዳንዶች «ወደ ቁጥሩ ደውለን ከዚህ ቤት ማን እንደ ደወለላቸው እንጠይቅ» ይላሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ደብተሩ ቀኑንና ደቂቃውን ይጠይቅ እንጂ ከማን ጋር ምን እንደ ተወራ መርማሪ አይሁን። ባለቤት ያጣው ሒሳብ በሁሉም ላይ ይደልደል፤ ስሙ በውሉ ላይ ስላለ ብቻ በአንዱ ጫንቃ ላይ አይውደቅ።

የመርዶ ጥሪ ከቶ በደብተሩ አይጻፍ። ጎረቤት በእድር ተሰብስቦ ቀብር በሚያስፈጽምበት አገር፥ አባቱ ለሞተበት ጓደኛ የሃያ ደቂቃ ሒሳብ ማቅረብ ያሳፍራል።

የሚቀረው የሰኔ ነገር ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ወሩ ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ፥ ፈተናውን ጨርሶ አገሩ የሚገባው ልጅ የመጨረሻ ጥሪዎቹን ዕዳ ለባለ ውሉ ትቶለት ይሄዳል፤ ስልኩም ቢቆረጥ የሚቆረጠው በዚያው በባለ ውሉ ስም ነው። ስለዚህ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ደብተሩ ይደመርና በግምት የሚደርስበትን ይክፈል፤ ሒሳቡ ሲመጣ የከፈለው በልጦ ቢገኝ ይመለስለታል፥ ጎድሎ ቢገኝም ቀሪውን ይልካል።