ሚዛኑ ሲጠም

«ሕዝባችን ሰነፍ ነው፣ ምርጫ ጣቢያ አይሄድም» ባዮች በዝተዋል። እስቲ መጀመሪያ ቆጠራውን እንየው! ሌሶቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ከመራጩ 60 ከመቶ ያህሉን ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ከ80 ወንበር 79ኙን ጠቀለለ። ሩብ ያህል ድምፅ ላገኘው ተቃዋሚ አንዲት ወንበር ደረሰችው። አገር ታመሰ፤ የደቡብ አፍሪካ ጦር ገባ። በ2002 ተመጣጣኝ ውክልና ሲቀላቀልበት ያው ተቃዋሚ 21 ወንበር አገኘ።

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ያው የአብላጫ ድምፅ ነው፦ 49 ከመቶ ይዞ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይገባል። ታዲያ «ለምን ልሰለፍ?» ያለው ሰውዬ ሰነፍ ነው ወይስ ሒሳብ አዋቂ? ደንብ መለወጥ ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ ይሁንና ሚዛኑን አጣሞ «ገበያተኛው ቀረ» ብሎ መውቀስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?