የልብ መዛል

ባለፈው ሳምንት በቃሊቲ፣ የምሽቱ ጨለማ ከከባድ መኪናው ጢስ ጋር ተደባልቆ መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖረው የፋብሪካ ሠራተኛ ከሰርቪስ ወርዳ በር ላይ እንደ ቆመች፣ የሚጮኸውን ስልኳን ዝም እስኪል ድረስ ስትመለከተው አይቼ ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እማዬ ናት፤ የምልክላት የለኝም፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ደግሞ የለኝም ማለት አይሆንልኝም» አለችኝ። በማግስቱ አቃቂ ገበያ ወርጄ፣ የሽንኩርት መደብ ዘርግተው የሚውሉትን እናቷን ባገኛቸው፣ የታናሽየው የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ ቢያልፍም፣ ለመደወል አፍረው ሁለት ቀን ሙሉ ማመንታታቸውን አጫወቱኝ። እናትና ልጅ እየተዋደዱ ይተፋፈራሉ፤ ሁለቱም ደክመዋል።

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ከአበው የወረስነው በረከት ነው፤ ጡረታም ከመጦር የወጣ ቃል ነውና፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በግል ድርጅት ጉልበቱን ለጨረሰ ሰው በሕግ የተደነገገ አበል ስላልነበረው፣ ዛሬም ቢሆን ጉልት ለምትቸረችር እናትና ለቀን ሠራተኛ አባት ስለሌላቸው፣ የእነዚህ ሰዎች ጡረታ በቃሉ ጥንተ ፍቺ ልጃቸው ብቻ ነው። እናቲቱ በመጠየቋ አልበደለችም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሊካፈለው የሚገባው ሸክም በአንዲት በኵር ትከሻ ላይ ሲጫን፣ ምርቃቱ ራሱ ዕዳ ይሆናል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ እርስ በርስ ቀለብ እንዲሰጣጡ ሲያስገድድ፣ መጠኑ የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ታይቶ እንዲወሰን ያዛል። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆላስይስ ምእመናን በላከው መልእክት፣ ልጆችን ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ፣ ወዲያው ወደ አባቶች ተመልሶ የልጆቻቸው ልብ እንዳይዝል ያስጠነቅቃቸዋል። እኛ ግን ፊተኛውን ትእዛዝ ከሕፃንነታችን ጀምረን በቃላችን ስናጠና፣ ኋለኛውን ሳናነሣው እናልፋለን።

ስለዚህ፣ ልጅ የሆንክ አንባቢ ሆይ፣ ደመወዝ ሳይወጣ አስቀድመህ ያለህንና የሌለህን ለወላጅህ በቁጥር ንገር፤ ከስልኩ ከመሸሽ የለኝም ማለት ይሻላል። ወላጅ የሆንክም፣ በወር አንድ ቀን እንኳ ስለ ብር ሳታነሣ ደውል።