ነፃነታችን በሃይላንድ እየተለካ ነው!

ሰሞኑን የወንድሜን ባጃጅ ይዤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ማደያ ተሰለፍኩ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተራዬ ሊደርስ ሲል «ቤንዚን አልቋል» ተባልን። ከማደያው ጀርባ ግን ቤንዚኑ በሃይላንድ ተሞልቶ በእጥፍ ይቸበቸባል። እኔ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ አጥ ነኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ ዓባይን የገደበ ሕዝብ ለምንድነው ለቤንዚን የሚሰለፈው?

እናስታውስ እንጂ ወገን! መጋቢት 24 ቀን 2003 የግድቡ መሠረት ሲጣል የውጭ አበዳሪ ፊቱን አዙሮብን ነበር። እናቶቻችን ቦንድ ገዙ። ሠራተኛው ከደሞዙ አስቆረጠ። እኛም ልጆች ሆነን በ8100 መልእክት ላክን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ የራሳችን!

ነዳጁስ? በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል። ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ የእኛ ታክሲ ታሪፍ ይጨምራል። ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ከ120 ብር አለፈ። ቲማቲሙም ጤፉም አብሮ ወጣ። ቧንቧው በሰው እጅ ያለ አገር ሉዓላዊነቱ ጎዶሎ ነው።

እውነቱን እንናገር፤ መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ልክ ነው። ግን ክልከላ ብቻውን ምን ይሠራል? የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው ሚሊዮን ነው፤ ድሃው በምን አቅሙ? ከአዲስ አበባ ስትወጣ ቻርጅ ማድረጊያ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው። የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ አብዛኛው ጭነታችን ግን ዛሬም በናፍጣ መኪና ነው የሚጓዘው። የገበሬው የመስኖ ፓምፕም ናፍጣ ይጠጣል።

«መብራቱ ራሱ እየጠፋ ምን ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። ትክክል ነው፣ ይጠፋል! ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን እኮ ጭራሽ መብራት የለውም። ኃይላችን ግን ለቢትኮይን ማሽን ይሸጣል። ያረጀ መስመርና ትራንስፎርመር መቀየር የማን ሥራ ነው? የእኔና የአንተ? መስመር መዘርጋት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው የምንጠይቀው።

ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦

1. የከተማ አውቶቡስና ሚኒባስ ቀድሞ ወደ ኤሌክትሪክ ይዙር፤ ድሃው የሚሳፈረው እሱን ነው።
2. ለባጃጅና ለታክሲ ባለንብረት የረጅም ጊዜ ብድር ይመቻች።
3. በክልል ከተሞችና በዋና መንገዶች ቻርጅ ማድረጊያ ይተከል።
4. ጭነት ከመኪና ወደ ባቡር ይዙር።
5. ኃይሉ ከቢትኮይን በፊት ለገጠሩ ቤትና ለመስኖው ይድረስ።

ይህንን ሁሉ ማን ይሠራዋል? እኛ! መስመር የሚዘረጋ፣ ሞተር የሚጠግን፣ ባትሪ የሚገጥም ተመራቂ በየሰፈሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሥራ ስጡንና እዩን።

አባቶቻችን ለነፃነት ዓድዋ ዘመቱ። እኛ በዓባይ ዳር ተቀምጠን የሃይላንድ ቤንዚን ስንለምን ታሪክ ምን ይለናል? ዝም አንልም! አንተም አንቺም በየከተማችሁ ያለውን ሰልፍ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ሼር አድርጉት፤ የሚመለከተው አካል ጆሮ ይድረስ!